ምንም ሳይጨመር፣ ምንም ሳይቀነስ

በሚዛንና መለኪያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሰው አያረጅም ይባላል። ውሸት ነው፤ ያረጃል። እንዲያውም ያን ያህል ሽማግሌ ባንድ ጣሪያ ሥር ያለበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ደረጃ ሲወጡ በየሦስት እርከኑ ቆም እያሉ ወሬ የሚጀምሩት ጨዋታ ወደው እንዳይመስላችሁ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። የማያረጁት በወረቀት ላይ ብቻ ነው። የዚህ ሁሉ ጉድ መነሻ ከሳንቲም የማትበልጥ አንዲት ባትሪ ናት፤ እሷ ጋ እስክንደርስ ግን መጀመሪያ ሰውየውን ተዋወቁት።

ሰውየው የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ የሚጠራው ግን የለም። ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉም «ጊዜያዊ» ነው የሚሉት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲቀጠር «ስድስት ወር በሙከራ ትሠራለህ፣ ከዚያ ቋሚ ትሆናለህ» ተብሎ ነበር። ስድስት ወሩ ካለፈ እነሆ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት የሚገባበት ዘመን ሆነ፤ ሙከራው ግን ወይ ፍንክች! በየወሩ መጀመሪያ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ይሄዳል። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና ከስክሪኑ ላይ ያነቡለታል።

«የሙከራ ጊዜ አልተጠናቀቀም።»

«ኧረ እማማ፣ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው!»

«እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ? ማሽኑ ነው ያለው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉማ ዶሮ ሆነ፤ ዶሮዋም አርጅታ ሞተች!»

«ቀጣይ!» ይላሉ እማማ፣ ከኋላው ዝንብ እንኳ ሳይኖር።

እኚህ ሴትዮ ታዲያ አማቱ ናቸው። መከራ ሲመጣ አይነግርም። በተቀጠረ በሁለተኛው ወር፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ሽቦ ሲያስተካክል፣ የሴትየዋ ልጅ እናቷ ቤት የረሱትን መነጽር ይዛ መጣች። ጊዜያዊ ድምጿን ሰምቶ ቀና ሲል ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጋር አላተመ፤ እሷ ሳቀች፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። አማቱ ለዘመድ ሁሉ «ልጄን ለጊዜያዊ ዳርኩ» ነው የሚሉት። እንደ ቀልድ ይጀምሩታል፣ ሲጨርሱ ግን አይስቁም።

ቋሚ መሆን ለጊዜያዊ የማዕረግ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ቋሚ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች ሁለት ክፍል ከነኩሽናው ይሰጠዋል። ቁጥር ሰባት ለአራት ዓመት ባዶውን ቆሟል። ጊዜያዊ በምሳ ሰዓት እየሄደ በመስኮቱ አጮልቆ ያየዋል፤ አልጋው የት እንደሚቆም፣ የሚስቱ መስተዋት የት እንደሚሰቀል በልቡ ጨርሶታል። እስከዚያው «ለጊዜው» ብለው አማቱ ቤት፣ የልብስ ስፌት መኪና ያለበት ክፍል ውስጥ ገብተዋል። ሲገላበጥ ክርኑ ከመኪናው ፔዳል ጋር ይጋጫል፣ ስምንት ዓመት ሙሉ! ሻንጣውን እስከ ዛሬ አልፈታም፤ ሸሚዙን ከዚያው እያወጣ ይለብሳል፣ ወደዚያው ይመልሳል።

አሁን ስለዚያ መሥሪያ ቤት ሁለት ሕግ ልንገራችሁ። አንደኛው፣ ደብዳቤ ደብዳቤ የሚሆነው ሲፈረም አይደለም፤ እማማ ከፕሮግራሙ ወጪ ቁጥር አውጥተው ክብ ማኅተማቸውን ሲያሳርፉበት ነው። ከዚያ ወዲያ ዳይሬክተሩም ቢሆኑ አይመልሱትም። አንድ ጊዜ ለሾፌሩ የስድስት ቀን ፈቃድ ሊጻፍ ስልሳ ተብሎ ተጻፈ። ቁጥር ወጥቶለት ስለነበር ሾፌሩ ስልሳ ቀን ቤቱ ተኝቶ ከረመ፣ ዳይሬክተሩም ስልሳ ቀን በእግራቸው ተመላለሱ። ሁለተኛው፣ ማንኛውም መለኪያ ከተመረመረ በኋላ በሽቦና በእርሳስ ይታተማል፤ ማኅተሙን የበጠሰ ወዮለት። እነዚህ ሰዎች ሚዛን ማተም ከመልመዳቸው የተነሳ ለመዝገብ ቤት ኮምፒውተር ሲገዛ እሱንም እንደ ሚዛን ዙሪያውን በሽቦ ጠፍረው አተሙት። ሳጥኑን ለመክፈት የሦስት ሰው ኮሚቴ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴው ደግሞ ተሰብስቦ አያውቅም።

በዚያ በታተመ ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር አንድ ፕሮግራም አለ። የሠራተኛው ዕድሜ፣ ቅጥር፣ ፈቃድ፣ ጡረታ፣ የደብዳቤ ቁጥር ሁሉ እሱ ዘንድ ነው። የሠሩት ሰዎች ድርጅታቸውን ዘግተው የት እንደገቡ አይታወቅም። አዳዲስ ኮምፒውተሮች የመጡ ዕለት ጣጣው ተጀመረ፤ አዲሱ ሲስተም ያንን ፕሮግራም ጭራሽ አያውቀውም። አንደኛው የሚጠይቀውን ሌላኛው አይሰማም። ዳይሬክተሩ ጊዜያዊን አስጠርተው ደብዳቤ ሰጡት፤ ቁጥርና ማኅተም ያለው። «ፕሮግራሙ እንዳለ፣ ምንም ሳይጨመር፣ ምንም ሳይቀነስ፣ በአዲሱ ሲስተም ላይ እንዲሠራ ታሽጎ ይቅረብ» ይላል።

«ይህችን ከተወጣህ» አሉት ዳይሬክተሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የቋሚነትህን ነገር እኔው ራሴ እይዘዋለሁ።»

ጊዜያዊ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ።

ፕሮግራም ማሸግ ምን መሰላችሁ? አሮጊት እናትን ወደ አዲስ ቤት መውሰድ በሉት። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ሲሰዱ ጨዉን ካላገኙት፣ ማብሪያው በለመዱት በኩል ከሌለ፣ ቤቱን ያተራምሱታል። ስለዚህ አንዱን ክፍል ልክ እንደ ድሮ ቤታቸው ታሰናዳላችሁ። ፕሮግራሙም በእሽጉ ውስጥ ሆኖ «ፊደሌስ? ፎልደሬስ? ፕሪንተሬስ?» እያለ ሲነዘንዝ፣ እሽጉ በድሮው ቋንቋ «አለ፣ እዚሁ ነው፣ አይዞህ» ይለዋል። ፕሮግራሙ አዲስ ቤት መግባቱን ሳያውቅ ሥራውን ይሠራል። ሙያው ይኸው ነው፤ የሚከብደው ግን ፕሮግራሙ ምን ምን እንደለመደ አንድ ሳያስቀሩ ማወቅ ነው።

ይህን የሚያውቁት ደግሞ አማቱ ብቻ ናቸው። ጊዜያዊ ደብተሩን ይዞ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ፕሪንተሩ ይበራል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ» አሉት። «ተገላቢጦሽ ከሆነ ያኮርፋል። ‹ፈልግ› የሚለውን ሁለቴ እንዳትጫን፣ ይደነዝዛል። የአባት ስም ከረዘመ ጭራውን ይቆርጠዋል።»

«ሌላስ?»

እማማ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። «ሌላ የለም።»

ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ጊዜያዊ ሌላ የለም ማለታቸውን አመነ። ሌላው ሁሉ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰዓት ቀድመው «ማሽኑ መሞቅ አለበት» እያሉ ለምን እንደሚገቡ አልጠየቃቸውም። አማት አይጠየቅማ!

ሁለት ወር ደከመ። ፕሮግራሙን ከነኮተቱ ገለበጠ፣ አሸገ፣ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ አስነሳው፤ ተነሣ! ፊደሉ፣ ቀለሙ፣ የሚያናድደው ጩኸቱ ሳይቀር እንደ ድሮው ነው። አንድ ነገር ብቻ ሳይሞክር ቀረ፤ ወረቀት ላይ ማተም። ለሙከራ ወረቀት አይፈቀድም፤ ስለዚህ ፕሪንተሩን ነቅሎ ነበር የሚሞክረው። ፕሮግራሙ የሚያትመውን አዘጋጅቶ ወረቀት እየጠበቀ መሆኑን ከየት ይወቅ?

የምረቃው ቀን ደረሰ። መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቀይ ሪባን ተወጠረ። ከበላይ መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት ኃላፊ በክብር እንግድነት መጡ። ሪባኑን ቆርጠው ሲገቡ ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው እያጨበጨቡ ነበር። ዳይሬክተሩ ንግግር አደረጉ። «መሥሪያ ቤታችን» አሉ፣ «በአንድ ግራም የማይሳሳት፣ በአንዲት ደቂቃ የማይዘገይ መሥሪያ ቤት ነው!» ከዚያ ወደ ጊዜያዊ ዞረው «ክፈተው» አሉት።

ጊዜያዊ ፕሪንተሩን ሰካ። ፕሮግራሙን ከፈተ።

ፕሪንተሩ አጉረመረመና አንድ ወረቀት ተፋ። ሁለተኛ ተፋ። ሦስተኛ። ቀጥ ሊል ነው? አይልም!

«ኧረ ፍጥነቱ!» አሉ እንግዳዋ፣ አጨበጨቡ። ሁሉም አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ፈገግ ብለው የመጀመሪያውን ወረቀት አነሱና ማንበብ ጀመሩ፤ ፈገግታቸው እዚያው ፊታቸው ላይ ደረቀ። «ስላበረከቱት አገልግሎት እያመሰገንን፣ የጡረታ ዕድሜዎ ካለፈ ስድስት ዓመት የሆነ በመሆኑ…» ስሙ የሳቸው ነበር። ሁለተኛው የምክትላቸው። ሦስተኛው የግዢ ኃላፊው። ሃያ ሦስት ሆነ።

«ምንድን ነው የሚያትመው?» ጠየቁ እንግዳዋ።

«የምስጋና ደብዳቤ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። ውሸት አልተናገሩም፤ ደብዳቤው የሚጀምረው በምስጋና ነው። ወረቀቱን ሰብስበው ብብታቸው ሥር ሸጎጡ።

የመጨረሻው ወረቀት ሃያ አራተኛው ነበር፤ ተንሸራቶ ከጊዜያዊ እግር ሥር ወደቀ። አነሳው። «የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዎን በሚገባ ያጠናቀቁ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ…» ዓይኑን ማመን አቃተው። ደግሞ አነበበው። ቀና ሲል አማቱ ከመስኮታቸው ጀርባ ሆነው አፍጥጠው ያዩታል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

እንግዳዋ እንደሄዱ በሩ ተዘጋ፣ ሃያ ሦስቱ ሰዎች ተሰበሰቡ። ቢያንስ ያን ቀን ኮሚቴ ሳይጠራ መሰብሰብ ቻሉ።

«አንተ» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ምን ብለን ነበር ያዘዝንህ? ምንም ሳይጨመር! አንተ ግን ባንድ ጠዋት ዐሥር ዓመት ጨመርክብን!»

«እኔ የጨመርኩት የለም ጌታዬ። ፕሮግራሙ ቀኑን ጠየቀ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ቀኑን ነገረው። የዛሬን ቀን።»

«ማን ንገረው አለው?» ብለው የግዢ ኃላፊው ጮኹ። «እኔ ገና ስልሳ ዓመቴ ነው!»

«ከመቼ ጀምሮ?» አላቸው ጊዜያዊ። ሳያስበው ነው ያመለጠው።

«ከስድስት ዓመት ጀምሮ!» አሉ፤ ከዚያ የተናገሩትን ሰምተው ቁጭ አሉ።

ጊዜያዊ ወደ አሮጌው ማሽን ሄዶ አበራው። ስክሪኑ ላይ «ቀኑን ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ የተጻፈው ማሽኑ ከፋብሪካ የወጣበት ቀን ነው፤ የዛሬ ዐሥር ዓመት። ሽቦውን በጠሰው፤ «ወዮልህ!» ያለው እንኳ አልነበረም። ሳጥኑ ውስጥ ያቺ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታ ተቀምጣለች። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ቀኑን የሚያስታውሰው በሷ ነበር። ከጀርባ ካለው ፋይል ውስጥ ባትሪ እንዲገዛ የተጠየቀበት ማመልከቻ ተገኘ። የግዢ ኃላፊው በቀይ ጽፈውበታል፦ «መሥሪያ ቤታችን የእጅ ሰዓት ስለሌለው ባትሪ አያስፈልግም።»

በዚህ ዓይነት ነው እንግዲህ፣ የአገር ሚዛን የሚያርም መሥሪያ ቤት በየጠዋቱ አንዱን ቀን ደጋግሞ ሲያነጋ የኖረው። ጡረታ የሚደርስ የለም፣ ሙከራ የሚጨርስ የለም። ጊዜያዊ ደሙ ፈላ፤ ዘጠኝ ዓመቱን በአንዲት ባትሪ ነው የበሉበት።

«እስከ ሰኞ እንደነበረ ይመለስ» አሉ ዳይሬክተሩ።

«የድሮውን ቀን እሽጉ ውስጥ አስገብቼ መቆለፍ እችላለሁ። ግን ጌታዬ፣ መጀመሪያ ይህችን ይፈርሙልኝ።» የቋሚነቱን ደብዳቤ ዘረጋ።

ዳይሬክተሩ ሳያቅማሙ፣ እንዲያውም በደስታ፣ ሙሉ ስማቸውን ጻፉበትና ፈረሙ። የዋህ ሰው ፊርማ ሲያይ ይቀልጣል። ጊዜያዊ እሽጉን ከፍቶ አንድ መስመር ጨመረ፤ ፕሮግራሙ ቀን ሲጠይቅ ያንኑ የፋብሪካ ቀን እንዲሰማ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ወጣት ሆኖ ገባ። ጊዜያዊም የተፈረመች ደብዳቤውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ።

እማማ ደብዳቤዋን ተቀበሉት፣ ለወጪ ቁጥር መዘገቧት። ፕሮግራሙ ጮኸ። እማማ አላነበቡለትም፤ ስክሪኑን ወደሱ አዞሩለት። «ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ገና አልደረሰም። ቁጥር አይሰጥም።»

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሉሃል ይህ ነው። ቀኑን የቆለፈው በገዛ እጁ ነው፤ ደብዳቤዋ ቁጥር የምታገኘው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ያም ዐሥር ዓመት የማይመጣ። ከደረጃው በኩል የዳይሬክተሩ ሳቅ ተሰማ፤ ሳቃቸው በሳል ተቆረጠ።

ያን ዕለት ማታ እራት ቀረበ። ጊዜያዊ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ እንጂ አልቀመሰም። ሚስቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እናቷን ታያለች።

«እኔ የማይገባኝ» አለ ጊዜያዊ፣ «ማሽኑ ጠዋት ጠዋት ቀኑን ይጠይቃል። ሰውን እኮ ነው የሚጠይቀው። ማንም የሞላለት የለም?»

እማማ የያዙትን ጉርሻ መለሱት።

«ሦስት ወር ሞልቼለታለሁ» አሉ። «ባትሪው እንደሞተ ሰሞን። ጠዋት ጠዋት እየገባሁ ቀኑን በእጄ እጽፍለት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ፕሮግራሙ የጡረታዬን ማስጠንቀቂያ አወጣ። አንድ ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። አንተም ሙከራህ ሊያልቅ ያው አንድ ሳምንት። በማግስቱ ጠዋት ቀኑን ሳልጽፍ ቁልፏን ተጫንኳት። ያን ያህል ነው ያደረግኩት። ምንም አልጻፍኩም።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?» ጊዜያዊ ተነሣ። «በየወሩ መስኮትዎ ሥር ስቆም፣ ‹ማሽኑ ነው› እያሉኝ? ልጅዎን አግብቼ፣ ቤትዎ ተኝቼ፣ ‹ጊዜያዊ› እያሉ ሲስቁብኝ?» ገበታውን ገፋው። «ምን አድርጌዎት ነው?»

«መጀመሪያ ለወንበሬ ብዬ ነው፣ አልዋሽህም» አሉ እማማ። «በኋላ ግን ልጄን አገባህ። ቋሚ ከሆንክ ቤት ይሰጥሃል፣ ይዘሃት ትወጣለህ። እኔም ያኔውኑ ጡረታ። በአንድ ጠዋት ሥራዬም ልጄም ሊወጡብኝ ነው። ማታ ማታ በዚህ ገበታ ብቻዬን መቀመጤን ሳስበው ፈራሁ። ፈራሁ ልጄ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

በስምንት ዓመት ውስጥ «ልጄ» ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር። ለዚህ ንዴት ግን አንዲት ቃል ትበቃለች እንዴ? ጊዜያዊ ወጥቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ» አለች ልጃቸው፣ «እኔን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? ቁጥር ሰባት እኮ ከመሥሪያ ቤትሽ መስኮት ይታያል! ባሕር ማዶ የምሄድ መሰለሽ?»

እማማ ገበታውን ራሳቸው አነሱ።

በማግስቱ ጠዋት ጊዜያዊ ሲነሣ አማቱ ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኛቸው። «ዛሬ አብረን ነው የምንገባው» አሉት። መሥሪያ ቤቱ ባዶ ነው፤ ጥበቃው ብቻ ራዲዮኑን ይጎረጉራል። እማማ ወንበራቸው ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ባለሰለሷት ትራሳቸው ላይ ተቀመጡና «የት ጋ ነው የቆለፍከው? አሳየኝ» አሉ።

ጊዜያዊ እሽጉን ከፍቶ መስመሩን አሳያቸው። የተቆለፈውን ቀን አጠፉት። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በሌባ ጣታቸው ብቻ፣ አንዷን ቁጥር ከአንዷ በኋላ፣ የዕለቱን ቀን ጻፉ።

«እማማ፣ ሊያስቡበት ይችላሉ እኮ…»

«ዘጠኝ ዓመት አስቤበታለሁ።» ቁልፏን ተጫኑ።

ፕሪንተሩ ተነሣ። እማማ መጀመሪያ የጊዜያዊን የተፈረመች ደብዳቤ አስገቡ፤ ፕሮግራሙ የዓመቱን ቁጥር አንድ ሰጣት። ማኅተሙን አንስተው ጠረጴዛው እስኪናጋ መቷት። ሁለተኛ የራሳቸውን ጡረታ አደረጉ፤ ለዚህኛው ግን እጃቸው ማኅተሙን ይዞ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሌሎቹን ሃያ ሁለቱን፣ ከዳይሬክተሩ ጀምረው፣ ጣ ጣ ጣ አድርገው ጨረሱ። የጡረታ ደብዳቤ ፊርማ አይጠይቅም፤ ዕድሜ ራሱ ፈርሞበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያውም ቁጥርና ማኅተም ያለው ወረቀት!

ዳይሬክተሩ በሦስት ሰዓት መጥተው ጠረጴዛቸው ላይ ሲያዩት ጩኸታቸው እስከ ታች ተሰማ። እየተንደረደሩ፣ በየሦስት እርከኑ እያረፉ ወረዱ።

«ማነው ይህን የፈቀደ?»

«ዕድሜዎ» አሉ እማማ። «ቀጣይ!»

ከኋላቸው በእውነትም ሰልፍ ነበር፤ ሃያ አንድ ሽማግሌ ደብዳቤውን ይዞ። ሾፌሩ ብቻ የእሱ እንደደረሰው ሲያውቅ «ተመስገን» ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ሄደ።

በሳምንቱ የቁጥር ሰባት ቁልፍ ለጊዜያዊ ተሰጠው። በስሙ የሚጠራው ግን አሁንም የለም፤ ያን ያህል የተለመደ ነገር ባንድ ማኅተም አይፋቅም። ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪና መጣ። አልጋው ተጫነ፣ መስተዋቱ ተጫነ፣ ያልተፈታችው ሻንጣ ተጫነች። እማማ ደጃፋቸው ላይ፣ ከመሥሪያ ቤት ይዘዋት የመጡትን ትራስ ታቅፈው ተቀምጠዋል። «በሉ ሂዱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ» ይላሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

ጊዜያዊ ደብተሩን አውጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ንዴቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም ነበር። ሆኖም እስክሪብቶውን ከፈተ።

«እማማ፣ ጨዉን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ከምድጃው በስተግራ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ። ምን አገባህ?»

ጻፈ። «የመኝታ ቤትዎ ማብሪያስ?»

«ከበሩ በስተቀኝ፣ ዝቅ ብሎ። ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ጻፈ። «የስፌት መኪናው ወደ መስኮት ነው ወይስ ወደ ግድግዳ?»

እማማ ዞረው ደብተሩን አዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ትክ ብለው አዩት።

«አሽገህ ልትወስደኝ ነው እንዴ?»

«እንዳለ» አለ ጊዜያዊ። «ምንም ሳይጨመር፣ ምንም ሳይቀነስ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለስድስት ወር ነዋ፣ በሙከራ።»

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። መሳቃቸው ይሁን ማልቀሳቸው አልታወቀም፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ቆይተው «ቀኑን የሚሞላውስ ማነው?» ብለው ጠየቁት።

«እርስዎ ነዎታ!»

እማማ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ትራሷን አስያዙት፣ ወደ መኪናውም ቀድመውት ሄዱ።